የካርታው ሰርቨር ጠባቂ

በአንዲት ከተማ መሬት ቢሮ የነዋሪው የቤት ካርታ ሁሉ የሚቀመጥበትን ሰርቨር የምትጠብቅ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። ሌባ ከሩቅ ገብቶ የሰው ቤት በስሙ እንዳያዞር፣ ከቢሮው ኮምፒውተሮች በቀር ከየትም እንዳይከፈት አድርጋ ዘግታዋለች።

ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ ቢሮ ከረገጡ ሦስት ወር አልፏቸዋል። አንድ ቀን ከመዝናኛ ሆቴል ደወሉላት። ጩኸታቸው ከስልኩ አልፎ ለሠራተኛው ሁሉ ይሰማል።

«ሰርቨሩ አላስገባም አለኝ። አሁኑኑ ከየትም እንዲከፈት አድርጊው፤ አለዚያ ትባረሪያለሽ። ለመሆኑ እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቂም?»

እሷ ሳቋ እየተናነቃት በትህትና መለሰች።

«እኔማ አውቅዎታለሁ፣ ክቡር ኃላፊ። ሰርቨሩ ግን የሚያውቀው ቢሮ የሚገባ ሰው ብቻ ነው።»

በማግስቱ ኃላፊው በጠዋት ቢሮ መጡ። የበሩ ዘበኛም መታወቂያ ጠየቃቸው።