የደብሪቱ አክርማ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ በሩንም ገርበብ አድርጉት፤ ይህን ነገር ጮክ ብዬ አላወራውም። የሆነው ድሮ ነው። አያቴ ከአያቷ ሰምታዋለች፤ የአያቴ አያትም ብትሆን በዓይኔ አየሁ አላለችም።

ሸምበቆ ውሃ በምትባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ስፌት ሰፊ ነበረች። መሬት አልነበራትም። ከብት አልነበራትም። የነበራት አንድ ወስፌ፣ አንድ እስር አክርማ፣ ባሏ አድማሱና የሰባት ዓመት ልጇ ብርቄ ብቻ ነበሩ። በአክርማው፣ በዚያ ጠንካራ ሣር፣ ሌማት ትሰፋለች፣ ሰፌድ ትሰፋለች፣ በእህል ትለውጣለች። ኑሮዋ ይኸው ነበር።

በዚያ ዘመን ሰው ጅብ ይፈራል፤ ከጅብ ይልቅ ግን የጥርስ ትል ይፈራ ነበር። ትሉን በዓይኑ ያየ የለም፤ መኖሩን ግን ሁሉም ይምላል። በጥርስ ውስጥ ያድራል፣ መንጋጋ ይበላል፣ ከዚያ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል ይባላል። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ሰው ይወስዳል። ሰዉ ጠዋት ጠዋት ጥርሱን በወይራ መፋቂያ ይፍቃል፤ የጥርሱ ፊት ነጭ ይሆንለታል፤ ደህና ነኝ ብሎ ይውላል።

አንድ ክረምት ትሉ ወደ ደብሪቱ ቤት መጣ። የአድማሱ ጉንጭ አበጠ። መጀመሪያ መብላት አቃተው። ቀጥሎ መናገር አቃተው። ቀጥሎ መዋጥ አቃተው። ጥርስ ነቃዩ ጎሹ ጉጠቱን ይዞ መጣና ነቀለለት፤ ግን ዘግይቶ ነበር። አድማሱ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጎሹ የነቀለውን ጥርስ በደብሪቱ መዳፍ ላይ አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ሳያያት ሄደ።

ደብሪቱ ጥርሱን ቅል ውስጥ ከታ ከደነችው። ትሉ ሲወጣ ልትገድለው ነው። አንድ ቀን ጠበቀች፤ አልወጣም። ሁለተኛ ቀን ጠበቀች፤ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ከፈተችው። ትል የለም፤ ያው ጥርሱ ብቻ ነው። ደጅ አውጥታ በፀሐይ አገላበጠችው። ፊቱ ነጭ ነው። አናቱ ደህና ነው። በጎኑ ግን፣ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር በሚነካካበት በኩል፣ ጥቁር ጉድጓድ አለ። አሸተተችው፤ ሽታውም አፍንጫዋ ውስጥ ቀረ።

ምን እንዳሳሰባት አላውቅም። ከእስሩ አንድ አክርማ መዘዘች፣ በጥፍሯ ሰንጥቃ አቀጠነችው፣ ውሃ አስነክታ በራሷ የኋላ ጥርሶች መሃል አስገብታ ጎተተችው። ትናንት የበላችው ወጣ። ከትናንት ወዲያ የበላችውም ወጣ። አሸተተችው። ያው ሽታ ነው! ባሏን የገደለው ሽታ በእሷ አፍ ውስጥ ነበር። ሮጣ ብርቄን ያዘችና አፏን አስከፈተች። በልጅቷም አፍ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ የፈራችውን ያህል ባሏ ሲሞት እንኳ አልፈራችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራት በኋላ በራሷ ጥርስ መሃል ሣር ትጎትታለች። ለብርቄም ትጎትታለች። የጎረቤት ልጆች ሲለምኗት ለእነሱም ጎተተች። በሸምበቆ ውሃ ደግሞ ምን ይደበቃል? “ደብሪቱ የልጆች አፍ እየሰፋች ነው” ተባለ። “አፍ ታስራለች” ተባለ። አፍ ማሰር በዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። መተተኛ የባላጋራውን አፍ በክር ያስራል፣ ባላጋራውም ችሎት ፊት ቆሞ ቃል ያጣል ይባላል። ያን ሰሞን ደግሞ የመንደሩ ጭቃ ሹም፣ ባላምባራስ ቢተው፣ በርስት ክርክር ተረትተው ተመልሰው ነበር። ዳኛው ፊት መንጋጋቸው ተይዞ ቃል አልወጣ አላቸው። ጥርሳቸውን አሟቸው ነበር፤ ታዲያ ሹም ጥርሴን አመመኝ ይላል እንዴ?

ደብሪቱን ዋርካው ሥር አስጠሯት። ባላምባራስ ጉንጫቸውን በኩታቸው ሸፍነው፣ “ይቺ ሴት አፌን አስራዋለች። ከነልጇ ከአገር ትውጣልኝ” አሉ።

ክረምት ነው። ወንዙ ሞልቷል። ማዶ ያለው መንደርም አፍ አሳሪ የተባለች ሴት አያስጠጋም። ደብሪቱ የብርቄን እጅ እንደያዘች፣ “ጌታዬ፣ እኔ የተወሸቀውን አወጣለሁ እንጂ አላስርም። በፈቀዱት ሰው አፍ እዚሁ ላሳይ” አለች።

ማን ይሞክር? ሽማግሌው ሽማግሌውን አየ። ጎረምሳው ከሴት ኋላ ተሸጎጠ። በመጨረሻ ጎሹ ተነሣ። ያ ጎሹ፣ ጎልማሳው ሁሉ ጉጠቱን ሲያይ ላብ የሚያጠምቀው ጎሹ፣ እሱ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ተንበርክኮ አፉን ከፈተላት። ደብሪቱ አክርማውን አስገብታ ጎተተች። ደም መጣ። ሴቶች ጮኹ፤ አንዱ ድንጋይ አነሣ። እሷ ግን እጇን አልሰበሰበችም፤ አሁን ብተው ልጄን ጅብ ይበላታል ብላ ነው። ሁለተኛ ጎተተች። ሦስተኛ ጎተተች። ጎሹ ደሙን እንትፍ ብሎ፣ “እሰይ! የቅዳሜውን ሥጋ አገኘሁት” አለ። ሰዉ እየፈራም ሳቀ።

ባላምባራስ ግን አልሳቁም። ሽማግሌዎቹ መሃል ገብተው የሠላሳ ቀን ቀጠሮ ሰጡ። ጎሹ በየቀኑ ለደብሪቱ አፉን ይከፍታል። አፉ ከተያዘ ወይም ከሞተ፣ እሷ ከነልጇ ትወጣለች።

ጎሹ በየቀኑ መጣ። በሳምንቱ ደሙ ቆመ። አፉም አልተያዘ፤ እንዲያውም ወሬው ብሶበት ዝም የሚያሰኘው ጠፋ። ደብሪቱ ግን በየቀኑ ትቆጥራለች፤ በየቀኑ ሲዘገይባት ሞተ ብላ ደጅ ትወጣለች።

በሃያኛው ቀን የፈራችው በሌላ በር መጣ። የባላምባራስ ጉንጭ አበጠ። መብላት አቃታቸው። ቀጥሎ መናገር አቃታቸው። ሰዉ “መተቱ ጎሹን ትቶ እሳቸው ላይ አረፈ” አለ። በማግስቱ ጠዋት ዱላ የያዙ ሰዎች የደብሪቱን ጎጆ ከበቡ። የባላምባራስ አሽከር ከመሃላቸው ወጥቶ፣ “ጌታዬ ይፈልጉሻል፤ በጣታቸው ወደዚህ አመለከቱ” አላት። በጓሮ በኩል ገደል ነበር፤ በገደሉ ቁልቁል መሸሽ ይቻላል። አሰበችው። ለምን እዋሻችኋለሁ፣ አሰበችው። ብርቄን አየቻት፣ ልጅቷ በዚያ ገደል እንደማትወርድ አወቀች፣ አክርማዋን ይዛ በፊት ለፊት በር ወጣች።

የባላምባራስ ቤት ሰው ሞልቶታል። ሽታውን ከደጃፍ አወቀችው። ጎሹ ጉጠቱን ይዞ ጥግ ቆሟል፤ መንጋጋቸው አልከፈትለት ብሏል። ደብሪቱ ቀርባ አየችና ገባት። የእሷ ሣር የሚሠራው ጥርስ ከመበስበሱ በፊት ነው። አድናለሁ ብትል ውሸት ነው። አልችልም ብትል በሩ ላይ ዱላ አለ።

“ጌታዬ፣ ለእርስዎ አልደረስኩም” አለች። “አፍዎን የያዘው የኔ ክር አይደለም። በጥርስዎ መሃል የከረመው ነው።”

ሰዉ አጉረመረመ። ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ በአልጋው ግርጌ የቆመችውን ትንሽ ልጃቸውን ጠቀሷት። ልጅቷ እየፈራች ቀረበች። እጇን አንሥተው በደብሪቱ እጅ ላይ አኖሩት። በጣታቸው የልጅቷን ከንፈር ነኩ። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ መናገር የት ይችላሉ! በሩ ላይ የቆሙት ዱላቸውን አወረዱ። ደብሪቱ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አባትየው እያዩ፣ የልጅቷን ጥርሶች መሃል አንድ በአንድ አጸዳች። ባላምባራስ ከቀትር በፊት ዐረፉ።

ከዚያ ወዲያ ደብሪቱን የነካት የለም። አርጅታ፣ ጥርሷ ሙሉ እንደሆነ ሞተች ይባላል። በሸምበቆ ውሃ ዛሬም ልጅ የወተት ጥርሱን ጥሎ አዲሱ ሲበቅልለት ወደ ስፌት ሰፊ ቤት ይወሰዳል። ሲገቡ ሰላምታ የለም። ምርቃትም የለም። የወሰደው ሰው የልጁን እጅ በሰፊዋ እጅ ላይ ያኖራል፣ ከንፈሩን በጣቱ ይነካል፣ አክርማው ተጎትቶ እስኪያበቃ አንድ ቃል አይናገርም። ይህም “የባላምባራስ አደራ” ይባላል።

እኔንም እናቴ ወስዳኛለች። እናቴ ወሬ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን አፏን አልከፈተችም። እጄን በሰፊዋ እጅ ላይ አኖረች፣ ከንፈሬን በጣቷ ነካች።