ወሰንየለሽ የከደነችው ቤት

ዘግይቶ መጥቶ ከፊት ለመቀመጥ የሚሽቀዳደም ሰው ሲገጥማቸው የሣር አምባ ሰዎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጉበታል። ሰሚው ይስቃል፤ የተባለበትም ሰው አብሮ ለመሳቅ ይሞክራል። አባባሏ ግን የተወለደችው በሣቅ አይደለም። እኔ የሰማኋት ከአባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ነገሩ ሲሆን እዚያው ቆመው ካዩት ከአጎታቸው ሰምተዋታል።

ሣር አምባ ከደብረ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅ ደጋ ነው። እዚያ ግራዝማች ወልደሰማዕት የሚባሉ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ጎራው የሚሏቸው ሰው ነበሩ። በጉብዝናቸው ጊዜ ቤታቸው የታወቀ ነበር፤ በድንጋይ የተገነባ፣ በጓሳ ሣር የተከደነ፣ ከፊቱ ፈረስ እንደ ልቡ የሚፈነጭበት መስክ የተዘረጋለት። ሲያረጁና ዓይናቸው ሲደክም ቤቱም አብሯቸው አረጀ። የምሥራቁ ግድግዳ ተናደ፤ ጣራው አፈሰሰ። መስኩን እሾሃም ቀጋ ዋጠው። ምንጩ ጠራጊ አጥቶ ረግረግ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ፈረስ የቀረቻቸው አንዲት ባዝራ ብቻ ነበረች።

ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ታላቁ ይልቃል ደብረ ብርሃን ገብቶ ቆዳ ይነግዳል። ታናሿ ወሰንየለሽ ጅሩ ተድራ ነበር። ባሏ በሞተ በዓመቱ የአባቷን ሁኔታ ሰማችና ከትዳሯ የደረሷትን ሁለት በሬዎች እየነዳች ተመለሰች። ያን ክረምት አባትና ልጅ ዝናቡ በማይደርስበት ጥግ ተኮራምተው ከረሙ። መስከረም ሲጠባ ለወንድሟ ሰው ላከች፤ የቀረው ግድግዳ እላያቸው ላይ ሳይወድቅ መጥቶ አብሯት እንዲያነሣው ለመነችው። የይልቃል መልስ አጭር ነበር፤ የፈረሰ ቤት ማንሣት ሙት መቀስቀስ ነው፣ አባታችንን ጎረቤት አስጠጊና ቤቱን ተይው አለ። በጥቅምት ደግማ ላከችበት። ያን ጊዜ መልስም አልመጣ።

ወሰንየለሽ ለጎረቤታቸው ለአቶ እንግዳሸት፣ "እኔ ቆሜ ይህ ቤት አይወድቅም" አለቻቸው። አንዱን በሬ ሸጣ ግንበኛ አመጣች፤ ሁለተኛውን ከሰው በሬ ጋር አቀናጅታ ድንጋይ አስጎተተች። አገሬው በደቦ ወጣላት። አቶ እንግዳሸት ለራሳቸው ቤት ያቆዩትን ግንድ ምሰሶ ይሁንሽ ብለው ሰጧት። ጓሳውን ግን ከተራራው ጫፍ እያጨደች፣ በጀርባዋ እያዘለች ያወረደችው ራሷ ናት። ቀጋውን ከሥሩ ስትነቅል እጇ ደም ይለብስ ነበር ይባላል።

ግራዝማች በሁለተኛው ክረምት፣ ክዳኑ ባለቀ በወሩ ታመሙ። አንድ ከሰዓት ጆሯቸውን ወደ ጣራው አቅንተው፣ "ልጄ፣ ይሄ ዝናብ ነው?" ብለው ጠየቋት። ዝናብ መሆኑን ነገረቻቸው። ግንባራቸውን ዳሰሱ፤ ደረቅ ነው። "እኔ ላይ ግን የለም" አሉና ፈገግ አሉ። በሳምንቱ አረፉ። ይልቃል ለቀብር መጣ። ገና ያላለቀውን ሥራ ዞሮ አይቶ፣ "ለማን ብለሽ ነው የምትደክሚው?" አላት። ሠልስቱ እንደወጣ ሄደ።

እሷ ግን አላቆመችም። የፈረስ ጋጥ ሠራች፤ ምንጩን ጠርጋ በድንጋይ ከበበችው፤ መስኩን አቋርጦ ከሚያልፈው ወንዝ ወዲህ ያለው እኩሌታ ሣር መልሶ አበቀለ። ባዝራዋ ወለደች። ጎረቤቶችም ባዝራዎቻቸውን ለግጦሽ አመጡላት። በአራተኛው ዓመት የሣር አምባ ፈረስ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ስም አወጣ። አቶ ጽጌ የሚባሉ ፈረስ ለእሽቅድምድም የሚያረቡ የአዲስ አበባ ባለጸጋ አንዱን ፈረስ አይተው ያደገበትን ቦታ ጠየቁ። ይልቃል እዚያው ገበያ ቆሞ ነበር። ያደገው በአባቴ መስክ ነው አላቸው፤ ለፈረስ የሚሆን ቦታ ከፈለጉም ቤቱን ከነመስኩ ሊሸጥላቸው ቃል ገባ።

በታኅሣሥ አንድ ረፋድ ሁለቱ መጡ። ይልቃል በተዋሰው ባለ መርገፍ ፈረስ ላይ ተኮፍሷል። ወሰንየለሽ ጋጡን ስትጠርግ ቀና ብላ አየችው። እሱ ለሰላምታ እንኳ አልወረደም፤ ከኮርቻው ሆኖ ለእንግዳው በእጁ ያሳይ ጀመር።

"ግንቡ አዲስ ነው። ክዳኑ ገና ሦስት ክረምት አላየም። ጋጡ ስምንት ፈረስ ይይዛል፤ ምንጩ በሚያዝያም አይነጥፍ። መስኩን ይዩት፤ እስከዚያ ካብ ድረስ ልጓም ሳይስቡ ያስጋልቡበታል።"

አቶ ጽጌ ማን እንዳሳደሰው ጠየቁ። "እኛው ነን" አለ ይልቃል።

ወሰንየለሽ መጥረጊያዋን አስቀምጣ ቀረበች። ይልቃል ነገሩን አስረዳት፤ ታላቅ እሱ በመሆኑ የአባቱን ቤት እንደሚሸጥ፣ እሷም ከተማ ገብታ ከልጆቹ ጋር እንደምትኖር ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

"የምትሸጠው የትኛውን ቤት ነው?" አለችው።

"ይሄንኑ ነዋ።"

"አንተ የተውከው ቤት ይሄ አይደለም። ያንተን አውቀዋለሁ፤ ልመልስልህ።"

ማጭዷን አነሣች። መሰላል አስደግፋ ጣራው ላይ ወጣችና በገዛ እጇ የከደነችውን ጓሳ እየቆረጠች ወደ ደጅ ትጥል ጀመር። ይልቃል እህቴ አብዳለች ብሎ ጮኸ። በአውድማ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እየሮጠ መጣ። እሷ ቁልቁል ሳታይ ተናገረች።

"ወንድሜ የተወውን ቤት ሊወስድ መጥቷል። ያኔ ክዳን አልነበረውም፤ ክዳኑን እያነሣሁለት ነው። የምሥራቁም ግድግዳ አልነበረም፤ እሱን ነገ አፈርሳለሁ።"

ስትናገር ታለቅስ ነበር። እያንዳንዱን ነዶ ያጨደችበትን ቀን ታውቀዋለች። እጇ ግን አልቆመም።  ከዚያ የጋጡን በር የሠራላት አናጢ ሄዶ በሩን ነቀለና መሬት ላይ አጋደመው። አቶ እንግዳሸት ደግሞ ምሰሶው የእሳቸው እንደሆነ፣ ክዳኑ ተነሥቶ ሲያልቅ እንደሚወስዱት ረጋ ብለው ለይልቃል ነገሩት።

አቶ ጽጌ ከፈረሳቸው ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ቤት ከባለቤቱ ልገዛ ነበር የመጣሁት፤ ባለቤቷ ጣራ ላይ ናት" አሉ ለይልቃል። ቀና ብለውም፣ "እመቤቴ፣ ይበቃል። ካልሸጡልኝ አልገዛም" አሏት።

"አልሸጥም" አለች። "ፈረስ ከፈለጉ ግን በጥር ይመለሱ።"

በጥር እንደሚመለሱ ተናግረው ሄዱ። እሷም ማጭዷን አስቀመጠች። የጣራው ሩብ ያህል ተገልጦ ሰማይ ይታይበት ነበር።

ይልቃል ግን ሽማግሌ ይሰየምልኝ አለ፤ እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ርስት አለኝ ብሎ ተከራከረ። እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጡለት። ወሰንየለሽ ርስቱን አልካደችውም። ከወንዙ ማዶ ያለውን፣ ቀጋ እንደዋጠው የቀረውን የመስኩን እኩሌታ አሳየቻቸው። "ያውላችሁ፣ የእኔም እንዲያ ነበር። ሁለት እጅና አራት ዓመት ይበቃዋል" አለች። ሽማግሎቹም ፈረዱለት፤ ድርሻህ ያ ነው፣ ሂድና መንጥረው አሉት።

ይልቃል ቀጋውን አየ፤ እጁንም አየ። ፈረሱ ላይ ወጥቶ፣ "አገር ይፍረደኝ፤ ከአባቴ ቤት በቀጋ ተሸኘሁ። ጥፋቴ ምንድን ነው?" አለ።

ሰዉ የወደቀውን ጓሳ ለቅሞ ወደ ጣራው ማቀበል ጀምሮ ነበር። አቶ እንግዳሸት በእጃቸው የያዙትን ነዶ ለወሰንየለሽ አቀበሉና ዞር ብለው፣ "ምን ጥፋት አለህ፣ ልጄ፤ ሲፈርስ ያልመጣ፣ ሲታደስ በፈረስ መጣ" አሉት።