የላላው ገደብ

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበረ፤ ስሙ ይርዳው ነው። ከረጅም ዳገት በላይ፣ በደጋ መንደር ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ነበሩት፤ ስማቸው ወይዘሮ አስካለ ነው። ይርዳው በሚኖርበት ከተማ ደግሞ የመኪና ሞተር ኮምፒውተር የሚያስተካክል አንድ ባለሙያ ነበረ፤ ስሙ ኅሩይ ነው። የታሪኩ ባለቤቶች እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ይርዳው እሑድ እሑድ እናቱን ለመጠየቅ ዳገቱን ይወጣ ነበር። መኪናው ግን ዳገት ላይ ይለግማል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ እንዳይጎዳ ጉልበቱን ይገድበዋል፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥርም ለአፍታ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ይርዳው የሚደርሰው ቀኑ ካጋደለ በኋላ ነበር። ማምሻውን መንገዱን ጉም ስለሚሸፍነው ለመመለስ አይደፍርም፤ እዚያው ያድርና ሲነጋ ይወርዳል።

አንድ ቀን ወደ ኅሩይ ጋራዥ ሄደ።

«ይህ መኪና ዳገት ባየ ቁጥር እንደ አዲስ ሙሽራ ይሽኮረመማል። እባክህ ገደቡን አላላልኝ» አለው።

ኅሩይ ሣቀ። «የሚሽኮረመመው ለካምቢዮው አዝኖ ነው። ማላላቱን አላላዋለሁ፤ የካምቢዮው ዕድሜ ግን ያጥራል። ለመሆኑ ወዴት ነው እንዲህ የምትቸኩለው?»

«ወደ እናቴ ነዋ!»

«ለእናት ከሆነማ ምን እላለሁ» አለና ላፕቶፑን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ ገደቡን አላላለት።

በቀጣዩ እሑድ መኪናው ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣው። ወይዘሮ አስካለ ልጃቸውን ከምሳ በፊት ደጃፋቸው ላይ ሲያዩት እልል አሉ። ይርዳው ግን ምሳውን እንደበላ ፀሐይዋን አየና ቁልፉን አነሣ።

«ምነው ልጄ፣ አታድርም እንዴ?»

«ኅሩይ የሚባል ባለሙያ መኪናዬን አፍጥኖልኛል፤ ጉሙ ሳይወርድ ከተማ እገባለሁ። ድሮም የማድረው እኮ መኪናው እምቢ እያለኝ ነበር፣ እማዬ!» ብሎ እየሣቀ ሄደ።

እናቱ አልሣቁም። አስቀድመው የዘረጉለትን ፍራሽ መልሰው ጠቀለሉት። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጃቸው የሚያድረው ለእሳቸው ሲል ይመስላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህም ይርዳው አንድም እሑድ አላጓደለም፤ በልቶ፣ ጉንጫቸውን ስሞ ይመለሳል። እናቱ ግን በአቅራቢያቸው የነበረችው ብቸኛ ጎረቤታቸው በዚያ ሰሞን ቤቷን ዘግታ ልጇ ዘንድ መግባቷን አልነገሩትም፤ እንዲህ ያለው ነገር ቁልፍ በእጁ ይዞ ለቆመ ሰው አይወራም። እሱም በራሱ ሊያውቅ አልቻለም። ባዶ ቤት ቀን ሲያዩት እንደ ማንኛውም ቤት ነው፤ ሰው እንደሌለበት የሚታወቀው ሲመሽ መብራት ሳይበራ ሲቀር ነው። ያን መብራት በየማታው የሚያጡት ወይዘሮ አስካለ ብቻ ነበሩ።

ልጅን «እደርልኝ» ብሎ መለመን ከበዳቸው። አንድ ቀን በአውቶቡስ ወደ ከተማ ወረዱና ኅሩይን ጠይቀው አገኙት።

«የልጄን መኪና ያፈጠንከው አንተ ነህ? እባክህ እንደ ነበረ አድርግልኝ።»

«አደጋ ፈርተው ነው፣ እናቴ?»

«አይደለም ልጄ። ሲዘገይ ያድርልኝ ነበር።»

ኅሩይ ይርዳውን በስልክ ጠራው። ይርዳው መጥቶ የእናቱን ልመና፣ የጎረቤታቸውንም መሄድ ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

«እማዬ፣ ገደቡ ባይመለስም ከእንግዲህ አድራለሁ» አለ።

«አንተን አምንሃለሁ ልጄ» አሉት። «ችኮላህን ግን አላምነውም።»

ፍጥነት ሰዓት ያተርፋል፤ የተረፈው ሰዓት ለማን እንደሚሰጥ ግን አይወስንም። ይርዳው ወደ እናቱ የሚወስደውን መንገድ ያሳጠረ መስሎት ከእናቱ ጋር የሚቆይበትን ጊዜ አሳጠረ። እኛ መዘግየት የምንለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ለሌላው ሰው ከእኛ የሚደርሰው ብቸኛ ድርሻ ነው። ከመንገዳችን ላይ ያነሣነው ገደብ ማንን ብቻውን አስቀርቶ ይሆን?

ሦስቱም በመጨረሻ የተቀበሉት ውሳኔ ይህ ነበር፦ ኅሩይ ገደቡን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ይርዳው ዳገቱን ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ወይዘሮ አስካለም ልጃቸው ያደረው መኪናው ስላዘገየው ይሁን ስለወደዳቸው፣ ከእንግዲህ አይጠይቁም።