ኬርያና እንዳትባል

ተረት አለኝ። ሶኬቱ ተሰክቷል? ከተሰካ ልጀምር።

ከአዲስ አበባ ዳር፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ አሥራ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። አንድ ትንሽ ነገር ይፈልጉ ነበር፦ ጂንካ የተወለደችውን የልጃቸውን ልጅ ፊት ማየት። ፊቷን የሚፈልጉት ስም ሊያወጡላት ነው። ወይዘሮ ትርንጎ ፊት ሳያዩ ስም አያወጡም። ለብሎኩ አሥራ አንድ ልጆች ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሁሉንም መስኮት አጠገብ ወስደው፣ ግራና ቀኝ አዙረው፣ ሊገዙት እንዳሰቡት ጨርቅ በብርሃን አይተው ነው።

በስልክ ካርድ ኢንተርኔት ሞክረው ነበር። ፊቷ ተቆራርጦ መጣ፤ አንዴ ግንባር፣ አንዴ አገጭ፣ አንዴ የሌላ ሰው ነጠላ። "ለግንባር ስም አላወጣም" አሉና ቤታቸው ድረስ የኢንተርኔት መስመር አስገቡ፤ ራውተርም ሊገዙ ወጡ።

ሱቁ ውስጥ ባለ ስድስት አንቴና ነበር፣ ባለ አራት ነበር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ነበር።

"ባለ ሁለቱን ስጠኝ" አሉ። "ለማንም ቢሆን ሁለት ጆሮ ይበቃዋል።"

"እማማ፣ እሱ ርካሽ ነው። ብዙ ግድግዳ አያልፍም" አላቸው ሻጩ።

"ስንት ያልፋል?"

"አንድ። ግድግዳው ደግ ከሆነ።"

"የእኔ ግድግዳ ክፋት የለበትም።"

ሻጩ ሲሸኛቸው፣ "ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት፤ አየርም ያግኝ" አለ። መስመሩን ያስገባው ባለሙያ ራውተሩን ወንበር ላይ አድርጎ ሲሞክረው ሠራ። ባለሙያው እንደወጣ ወይዘሮ ትርንጎ ራውተሩን ለክብሩ ወደሚመጥን ቦታ አዛወሩት። ከፍ ያለ ቦታ ስለተባሉ ቡፌው ውስጥ፣ እስካሁን ለምንም እንግዳ ካልወጡ ብርጭቆዎች መሐል፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። አዲስ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥምና ከአቧራም ከሰው ዓይንም እንዲጠብቀው ወፍራም ነጭ ዳንቴል አለበሱት። የቡፌውን መስታወት ዘጉ። ለአየሩ ደግሞ የሳሎኑን መስኮት ከፈቱለት።

ዓርብ ጠዋት የሕፃኗ አባት፣ አማቻቸው ታሪኩ ከጂንካ ደወለ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ችግሩ ፊት ላይ ነው።

"እማዬ፣ የልደት ምዝገባ ወረፋ ላይ ነን። ሕፃኗም እናቷም እናቴም እዚሁ ነን። መዝጋቢዋ ስድስት ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ለአንድ ወር ሥልጠና ናት። ከእርስዎ ስም ካልመጣ እናቴ ያዘጋጀችው ይጻፋል።"

"ምን አዘጋጀች?"

"ኬርያና።"

"ኬ... ምን?"

"ኬርያና። ድራማ ላይ ያለች ሴት ናት።"

"ድራማው ላይ ምን ሆና?"

"እስካሁን ባለው ክፍል ራሷን ስታ ሆስፒታል ናት።"

"ሕፃኗ አልታይ ብላኛለች እኮ።"

"ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት።"

"አጥፍቼ አበራሁት።"

"እና?"

"ጠፋ። ከዚያ በራ።"

ስልኩን ዘግተው ፊት ለፊታቸው ያዙት። "ፊቷን አሳየኝ" አሉት።

ስልኩ፣ "አላሳይም፤ መጀመሪያ ራውተሩ ይስጠኝ" አለ።

ወደ ቡፌው ሄዱ። "ራውተር ሆይ፣ ለስልኩ ስጠው። አንተ ካልሰጠኸው ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ፊቷን አላይም፤ ፊቷን ካላየሁ ስም አላወጣም፤ ስም ካላወጣሁ ኬርያና ትባላለች።"

ራውተሩ በዳንቴሉ ቀዳዳ ቀይ ዓይኑን አሳየ። "አልሰጥም" አለ በታፈነ ድምፅ። "ሽቦው ካላመጣልኝ ከየት አምጥቼ?" ሌላም የሚለው ነበረው፤ አልተሰማም።

ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሽቦው ከጣሪያ ወርዶ በመስኮቱ ጠርዝ ይገባል። "ሽቦ ሆይ፣ ለራውተሩ አምጣለት። አንተ ካላመጣህ ራውተሩ አይሰጥም፤ ራውተሩ ካልሰጠ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ፊቷን አላይም፤ ፊቷን ካላየሁ ስም አላወጣም፤ ስም ካላወጣሁ ኬርያና ትባላለች።"

ሽቦው፣ "አላመጣም" አለ። "ላዬ ላይ ዲሽ ተቀምጧል። አንቺ ላይ ዲሽ ቢቀመጥብሽ ምን ታመጪ ነበር?"

አንገታቸውን ወደ ላይ ቢያሰግጉ እውነትም የጣሪያው ጠርዝ ላይ አንድ ዲሽ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ያያል። "ዲሽ ሆይ፣ ተነስ! አንተ ካልተነሳህ ሽቦው አያመጣም፤ ሽቦው ካላመጣ ራውተሩ አይሰጥም፤ ራውተሩ ካልሰጠ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ፊቷን አላይም፤ ፊቷን ካላየሁ ስም አላወጣም፤ ስም ካላወጣሁ ኬርያና ትባላለች!"

ዲሹ፣ "አልነሳም" አለ። "የጣለኝ ነፋስ ነው፤ የሚያነሳኝ ባለቤቴ አቶ ደምስ ነው። እሱ ካልመጣ ሰማዩ ተመችቶኛል።"

ስልኩ ጮኸ። "እማዬ፣ ፊታችን ስድስት ሰው አለ" አለ ታሪኩ። ከኋላው የወይዘሮ ደብሪቱ፣ የእናቱ ድምፅ ተሰማ፦ "ኬርያና በሏትና እንገላገል!"

አቶ ደምስ አንደኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈተው በፒጃማ ነበር፤ ዲሹ ከወደቀ ወዲህ የኳስ ጨዋታ ስላላየ የሚለብስበት ምክንያት አጥቷል።

"ደምስ፣ ዲሽህን አንሳልኝ። ዲሹ ካልተነሳ ሽቦው አያመጣም፤ ሽቦው ካላመጣ ራውተሩ አይሰጥም፤ ራውተሩ ካልሰጠ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ፊቷን አላይም፤ ፊቷን ካላየሁ ስም አላወጣም፤ ስም ካላወጣሁ ኬርያና ትባላለች።"

"ኬ... ምን?"

"እሱን ተወው፤ ታነሳዋለህ?"

"እትዬ ትርንጎ፣ ማንሳት ጠልቼ ይመስልዎታል? ሦስት ሳምንት ውጤት ከሰው ስለምን እየኖርኩ! የጣሪያው በር ተቆልፏል። ጋሽ ቱሉ ካልከፈቱ አልወጣም።"

ጋሽ ቱሉ የብሎኩ ጥበቃ ናቸው። ቁልፉን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በር ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ቱሉ፣ በሩን ይክፈቱልኝ። በሩ ካልተከፈተ ደምስ አይወጣም፤ ደምስ ካልወጣ ዲሹ አይነሳም፤ ዲሹ ካልተነሳ ሽቦው አያመጣም፤ ሽቦው ካላመጣ ራውተሩ አይሰጥም፤ ራውተሩ ካልሰጠ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ፊቷን አላይም፤ ፊቷን ካላየሁ ስም አላወጣም፤ ስም ካላወጣሁ ኬርያና ትባላለች።"

"ምንድን ነው የምትባለው?"

"ኬርያና!"

"ያሳዝናል" አሉ ጋሽ ቱሉ ከልባቸው። "ግን አልከፍትም። አምና እዚያ ጣሪያ ላይ በርበሬ ያሰጡ ሰዎች 'የእኔ ነው፣ የእኔ ነው' ተባብለው ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ ያለ ደብዳቤ በሩ አይከፈትም። ለእርስዎ ብዬ ብከፍት የበርበሬዎቹ ሰዎች ምን ይሉኛል?"

ደብዳቤ የሚጽፉት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ምህረተአብ ናቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ አሁንም ቤታቸው ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር ቁጥር አለው። ወይዘሮ ትርንጎን አምስት ቁጥር ላይ አስቀመጧቸው።

"አቶ ምህረተአብ፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ደብዳቤው ካልተጻፈ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ደምስ አይወጣም፤ ደምስ ካልወጣ ዲሹ አይነሳም፤ ዲሹ ካልተነሳ ሽቦው አያመጣም፤ ሽቦው ካላመጣ ራውተሩ አይሰጥም፤ ራውተሩ ካልሰጠ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ፊቷን አላይም፤ ፊቷን ካላየሁ ስም አላወጣም፤ ስም ካላወጣሁ ኬርያና ትባላለች።"

አቶ ምህረተአብ በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ፣ "ኬርያና በአንድ ነው በሁለት ቃል?" ሲሉ ጠየቁ።

"አይጻፍም ነው የምልዎት!"

"ደብዳቤውንም አልጽፍም። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ወረቀት ነው፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ጽፌ አላውቅም። ማህተሙ ጸሐፊዋ ጋ ነው።"

ወይዘሮ ትርንጎ ወንበሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። "ጸሐፊዋ... ስንዱ?"

"ወይዘሮ ስንዱ። ሁለተኛ ፎቅ።"

ስልኩ ጮኸ። "እማዬ፣ ሦስት ሰው።"

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ታሪኩ ሽማግሌ በላከ ቀን ወይዘሮ ትርንጎ ቡፌያቸውን ለማልበስ ከወይዘሮ ስንዱ ዳንቴል ተውሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ዳንቴሉን አይተው ቤቱን አከበሩ፤ ልጅቷ ተዳረች፤ ዳንቴሉ ግን አልተመለሰም። በተጠየቁ ቁጥር፣ "ይታጠባል" ይሉ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ይታጠባል። ሁለቱ ሴቶች ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንዷ ግድግዳ፣ አንዷ ብረት ታያለች።

ወይዘሮ ስንዱ ማህተሙን የሚያስቀምጡት በስኳር ጣሳ ውስጥ ነው። ጣሳውን አቅፈው በሩ ላይ ቆሙ።

"ስንዱዬ፣" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ "ማህተሙን ምቺልኝ። ማህተሙ ካልተመታ ደብዳቤው አይጻፍም፤ ደብዳቤው ካልተጻፈ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ደምስ አይወጣም፤ ደምስ ካልወጣ ዲሹ አይነሳም፤ ዲሹ ካልተነሳ ሽቦው አያመጣም፤ ሽቦው ካላመጣ ራውተሩ አይሰጥም፤ ራውተሩ ካልሰጠ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ፊቷን አላይም፤ ፊቷን ካላየሁ ስም አላወጣም፤ ስም ካላወጣሁ ኬርያና ትባላለች።"

"ትባላ" አሉ ወይዘሮ ስንዱ። "ሁለት ዓመት የሚታጠብ ዳንቴል ምን ነክቶት ነው? ዳንቴሌ ካልመጣ አልመታም።"

"እሱ እኮ..."

"ይታጠባል?"

ወይዘሮ ትርንጎ አፋቸውን ከፈቱ። "ይታጠባል" ሊሉ ነበር፤ አፋቸው ለምዶታል። ስልኩ ጮኸ። "እማዬ፣ አንድ ሰው ቀረ። መዝጋቢዋ ቦርሳዋን እያየች ነው።"

"ነይ ተከተዪኝ" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ደረጃውን ወጡ። ከፊት ወይዘሮ ትርንጎ፣ ከኋላ ወይዘሮ ስንዱ ከነጣሳቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አቶ ምህረተአብ ከነብዕራቸው ተቀላቀሉ፤ ወሬው ወደ ታች ወርዶ ጋሽ ቱሉና ደምስም ከኋላ ደረሱ። ወይዘሮ ትርንጎ ቡፌውን ከፈቱ።

ወይዘሮ ስንዱ ዳንቴላቸውን አዩ። ሥሩ ቀይ ነገር ይበራል።

"ማጠቢያው ይሄ ነው?" አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ዳንቴሉን አነሱት። ራውተሩ እንደ ትኩስ ዳቦ ይጋረፋል። ዳንቴሉን ለወይዘሮ ስንዱ አስረከቡ፤ ራውተሩን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ "አሁን ምቺ!" ብለው ጮኹ።

ዳንቴሉ ተመለሰና ማህተሙ ተመታ፤ ማህተሙ ተመታና አቶ ምህረተአብ ከማህተሙ በላይ ደብዳቤውን ጻፉ፤ ደብዳቤው ተጻፈና ጋሽ ቱሉ በሩን ከፈቱ፤ በሩ ተከፈተና ደምስ በፒጃማው ወጣ፤ ደምስ ወጣና ዲሹ ተነሳ፤ ዲሹ ተነሳና ሽቦው አመጣ፤ ሽቦው አመጣና ራውተሩ ሰጠ፤ ራውተሩ ሰጠና ስልኩ አሳየ።

ብሎኩ ነገሩን የሚያወራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። የራውተሩ ዓይን አረንጓዴ የሆነው ማህተሙ ገና ከጣሳው ሳይወጣ ነበር፤ ግን ሁሉም ማህተሙን እያየ ስለነበር ማንም አላየውም።

የሆነው ሆኖ ፊቷ መጣ። ሙሉ ፊት፣ ከግንባር እስከ አገጭ። ወይዘሮ ትርንጎ ስልኩን መስኮት አጠገብ ወሰዱት፤ ጂንካ ያለችን ሕፃን በአዲስ አበባ ብርሃን ማየት እንደማይቻል የነገራቸው የለም። ግራና ቀኝ አዞሩት። ከኋላቸው የሥራውን ውጤት ሊያይ የመጣው ሁሉ አንገቱን አስገባ፤ ስንዱ ከነዳንቴሉ፣ ምህረተአብ፣ ቱሉ ከነቁልፉ፣ ደምስ ከነአቧራው። ሕፃኗ አንድ ዓይኗን ገልጣ ሁሉንም በተራ አየች፤ አላለቀሰችም።

"ስሟ ሁሉአገርሽ ነው" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። "ጂንካ ተወልዳ እዚህ ብሎክ በደብዳቤ የተንቀሳቀሰላት ልጅ ሌላ ስም አይሆናትም።"

በዚያ በኩል ወይዘሮ ደብሪቱ፣ "ረዘም ይላል" አሉ። ትንሽ አሰቡ። "ግን ፊቷ ነው። በሉ ጻፉት። ኬርያናን ለሚቀጥለው አስቀምጣለሁ።"

የመዝጋቢዋ ማህተም ድው ሲል እዚህ ድረስ ተሰማ። ለስድስት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ዓይናቸውን በዳንቴሉ ጠረጉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ራውተር አዩት፤ ከላይ እስከ ታች ራቁቱን ነው።

"ትርንጎ፣ በቃ ያንቺ ይሁን" አሉ። "ደግሞ ይሄ እንዲህ ይቀመጣል እንዴ? ሰው ያየዋል፣ ነውር ነው።" ራውተሩን አንስተው ቡፌው ውስጥ መለሱት፤ ዳንቴሉን በእጥፍ አለበሱት፤ መስታወቱንም ዘጉ።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ላይ ሁሉአገርሽ ስታዛጋ ግማሽ ላይ ቀረች።

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

"ዲሹ ወድቆ ይሆናል" አለ ደምስ።

አቶ ምህረተአብ ብዕራቸውን አወጡ።

ተረቴን መልሱልኝ። ስትመልሱልኝ ግን ምንም አታልብሱት።