በሲባጎ የታሰረችው ተንሳፋፊ

አንድ ሰው ነበረ፤ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን የነበረው። ሳቅ፣ ደርበው፣ ግድ የለህም። «ነገረኛ ሆናለችና ልጄን ትርሲትን ደሴ አክስቷ ዘንድ ልላካት ወይስ ይቅር?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ መልሱ ያለው ከዚሁ ሰው ማሽን ሥር ነው።

ሰውየው ማሽኑን የገዛው ለሚስቱ ነው። ሳሙና እጇን ይሰነጥቀው ነበር፤ እሱ ደግሞ ያንን እጅ ይወደዋል። ማሽኑ ሁለት ዓመት በሰላም ካጠበ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጀመር አድርጎ ቆመ፤ ጮኸ፤ አላጥብም አለ። ሰውየው ጠጋኝ መጥራትን እንደ ውርደት የሚቆጥር ዓይነት ነው። ካቻቪቴውን ይዞ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኛ።

ከማሽኑ ሥር ባለው ትሪ ላይ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የቀለለች ነጭ ተንሳፋፊ አገኘ። ብድግ ብላለች። በእንጨት ወደ ታች ሲጫናት ማሽኑ ይሠራል፤ ሲለቃት ይቆማል። ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። «አገኘኋት! ነገረኛዋ ይቺ ናት» አለ። ትሪው ላይ ጥቂት ውሃ አይቷል፤ ግን «የውሃ ማሽን ውሃ ቢኖረው ምን ይገርማል» ብሎ አለፈው። ተንሳፋፊዋን በሲባጎ ጥብቅ አድርጎ አሰራት።

ማሽኑ ዝም ብሎ ማጠብ ጀመረ። ሚስቱ መረቀችው፤ እሱም ሙያውን ለጎረቤት ሁሉ አወራ። በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ወጥ ቤት ስትገባ ወለሉ ላይ የተኛው ውሃ አዳልጧት ወደቀች። እጇ ተሰበረ፤ ያ ሊያሳርፈው የፈለገው እጅ።

እጇን በጀሶ ታስራ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሳትቆጣው «አንተዬ፣ እስቲ ያሰርካትን ፍታት» አለችው። ፈታት። ተንሳፋፊዋ ወዲያው ብድግ አለች፤ ማሽኑም ቆመ። ለካ ሥራዋ ትሪው ላይ ውሃ ሲጠራቀም ብድግ ብላ ማሽኑን ማስቆም ኖሯል። ሰውየው ውሃው ከየት እንደሚመጣ የፈለገው ገና ይህን ጊዜ ነው። የአንዱ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ጠብ ጠብ ይል ኖሯል። ካቻቪቴውን ሩብ ዙር አዞረው፤ አለቀ።

ደርበው ልጄ፣ ትርሲት ያቺ ተንሳፋፊ ናት። እራት ላይ የምትጮኸው፣ ሳህኑን የምትገፋው፣ ከእግራችሁ ሥር የሚጠራቀመው ነገር ከሁላችሁ በፊት ስለሚነካት ነው። ደሴ ብትልካት ቤትህ ዝም ይላል፤ እኔ የምፈራልህ ግን ያንን ዝምታ ነው። ውሃው ከየት እንደሚፈስ ደግሞ እኔን አትጠይቀኝ። ገና ሳትቀመጥ በወሬ መሃል ነግረኸኛል፤ አንተና እናቷ ከፋሲካ ወዲህ የምትነጋገሩት በእሷ በኩል ነው፤ «ለአባትሽ ንገሪው»፣ «ለእናትሽ ንገሪያት» እያላችሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ካልሆነ በቀር ልጅቷ ምን አደረገች?

ሚስትህን ከአባቷ ቤት ሽማግሌ ሆኜ የጠየቅኩልህ እኔ ነኝ፤ ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ። የላላው ሩብ ዙር ቢሆን ነው። ዛሬ ማታ ለእናቷ የምትለውን ራስህ በላት። ትርሲትም የማንንም መልእክት ሳትሸከም አንድ ቀን እራቷን ትብላ።