ደጃፍ ላይ ዝም ያለው ሊቅ

አንድ ሰው ነበረ። ሠላሳ ዓመት ከፍሎ አንድ ዕውቀት ገዛ፤ የሽማግሌ እጅ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ፣ እግሩስ አልታዘዝ የሚለው አንጎሉ ውስጥ ምን ሲጎድል እንደሆነ። በዚህ የሚበልጠው አልነበረም። በሽተኛውን ወንበር ላይ ያስቀምጥና «ተነሣ» ይለዋል፤ አነሣሡን አይቶ ሕመሙ የት እንደ ደረሰ ይናገራል። አይሳሳትም።

አባቱ ገጠር ያረጁ ገበሬ ነበሩ። ሰውነታቸው እየደረቀ ሄደ። ጎረቤት ሐኪም ዘንድ እንውሰድዎ ሲላቸው «ልጄ ይምጣና እሱ ያክመኛል» እያሉ ቆዩ። ልጁም መድኃኒቱን ይዞ ሄደ።

ሲገባ ሽማግሌው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው የተከበረ ሰው ሆኖ መምጣቱን አዩና «ኖር!» ብለው ሊነሡ ሞከሩ።

ወጉ ይታወቃል። የገባው ሰው ቶሎ ብሎ «በእግዜር! አይነሡ» ይላል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ሳይነሣ እንደ ተነሣ ይቆጠርለታል። ሊቁ ግን ዝም አለ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ።

አባትየው ግድግዳውን ይዘው ተንቀጠቀጡ፤ መልሰው ተቀመጡ፤ እንደገና ሞከሩ።

«ምን ነካህ? በእግዜር በላቸው እንጂ!» አለች አንዲት ጎረቤት።

እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛት። ሽማግሌው በመጨረሻ ቆሙ፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ጥሩ ነው አባባ» አለ። «አሁን ይቀመጡና አንዴ ይድገሙልኝ።»

«ልጄ የመጣ መስሎኝ ነው የተነሣሁት» አሉ አባትየው።

ተቀመጡ። መድኃኒቱን አልዋጡም። ለመናቸው፣ ተቆጣ፣ አለቀሰ። «ለበሽተኞችህ ስጣቸው» አሉት። ከዚያ መደብ ያነሧቸው ሬሳ ተሸካሚዎች ናቸው።

ዛሬ ያ ሰው አዳራሽ ሲገባ ሁሉም ቆሞ ይቀበለዋል። እሱም ገና ከበሩ «በእግዜር፣ በእግዜር» ይላል፤ ለማን እንደሚለው እኔ አውቃለሁ።

አንቺ ልጄ፣ ሐኪም ነሽ። «እናቴ የባዳ ሐኪም መድኃኒት እየዋጠች የኔን ለምን ትገፋለች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ትናንት ስትገቢ አይቼሻለሁ። እናትሽ ሊስሙሽ እጃቸውን ዘረጉ፤ አንቺ የእጃቸውን አንጓ ይዘሽ የልብ ምታቸውን መቁጠር ጀመርሽ። አንቺም ደጃፍ ላይ ነሽ።

እንግዲህ ሂሳቡ ይኸው፦ ያ ሰው ያተረፈው የአንድ ሽማግሌ አነሣሥ ልክ ነው። የከሰረው ሳያዘው የሚነሣለትን አንድ ሰው ነው።