አምስት ሰንጋ ያከለው አይጥ

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ።

በአንድ የድርቅ ዓመት አንበሳ የአገሩን ሀብት ለማወቅ ፈለገና እመት ጦጢትን ጠራት። በዱር ሀብት ማለት ያው ሥጋ ነው። ጦጢት ዝሆንንና አይጥን አንድ ላይ መዘነች፤ ለሁለት አካፈለችና፣ «በአማካይ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሰንጋ ያክላሉ» አለች።

አይጥ ከረሃቡ የተነሳ ጅራቱን መጎተት እንኳ ከብዶት ነበር። ይህን ሲሰማ ግን ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባና ሚስቱን፣ «አምስት ሰንጋ አክያለሁ» አላት።

«ታዲያ በዚህች ጉድጓድ እንዴት ገባህ?» አለችው።

በማግስቱ አያ ጅቦ ደጃፉ ላይ ቆመ። «አምስት ሰንጋ ያከለ ሁሉ አንድ ሙሉ ጭን ሥጋ ለንጉሡ ይገብራል» አለው።

አይጥ አንበሳ ፊት ቀረበ። «ጌታዬ፣ ግብር አልነፍግም። ግን ሥጋዬ ያለው ዝሆን ጎን ላይ ነውና እባክዎ ከዚያ ያስቆርጡልኝ» አለ።

አንበሳ አጠገቡ ወደቆመው ዝሆን ዞረ። ዝሆን ጆሮውን ቀስ ብሎ አራገበና አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጦጢት፣ ሚዛንሽ ሳይበላሽ አልቀረም» አለ።

የዚያ ዓመት ግብር በዚያው ተረሳ፤ አይጥም የአይጥ ክብደቱን ይዞ እየሮጠ ወደ ሚስቱ ሄደ።